ስተምፕ፣ ፋይቭ ጎ ዳውን ቱ ዘ ሲ ወይስ ቨርጂን ፕሩንስ? ዕድሜያቸው ካጠረ የአየርላንድ ባንዶች ከየትኛው ይጀመር

የአየርላንድ ሮክ ሲባል እኛ ዘንድ ቶሎ የሚታወሱት ቦብ ጌልዶፍና ቦኖ ናቸው። አያስገርምም። ጌልዶፍ ባንድ ኤይድን ያሰባሰበው በ1984 በእኛው ረሃብ ምክንያት ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ቦኖም በ1985 ከባለቤቱ ጋር ወሎ፣ አጅባር ድረስ መጥቶ በበጎ ፈቃድ ሠርቷል። በዚያው ዘመን፣ በዚያችው አየርላንድ ግን ስማቸው ከደብሊንና ከለንደን ትንንሽ አዳራሾች ብዙም ያልራቀ፣ ከቦኖ ባንድ ከዩቱ ጋር አንድ መድረክ ተጋርተው አንድም ዘፈናቸው የማይመሳሰል ልጆች ነበሩ። ጥቂት ዓመት ተጫወቱ፣ ጥቂት ሸክላ አሳተሙ፣ ተበተኑ።

ስለ እነሱ መመሪያ ቢጤ ለመጻፍ የተነሳሁት ብዙ ሰው ከማይሆን ቦታ ስለሚጀምር ነው። "የአየርላንድ የሙከራ ሮክ" ብሎ ይፈልጋል፤ ዝነኛውን፣ ረጅሙን ወይም ትልቅ ኩባንያ ያሳተመውን ያገኛል፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ራሱን ይዞ ይዘጋዋል። ሃያ ሠላሳ ዓመት የሠራ ባንድ ከሆነ እዳው ገብስ ነው፤ ሦስተኛው አልበም ባይጥም ሰባተኛው ሊጥም ይችላል። በአምስት ዓመት ውስጥ ተነስቶ የጠፋ ባንድ ግን የሚተወው ሦስት አራት ሥራ ብቻ ነው። ከእነዚያም አንዱ ባንዱ መድረክ ላይ የነበረውን መልክ ይይዛል፣ ሌላው ገንዘብና ስቱዲዮ ከመጣ በኋላ የሆነውን። የኔ ምክር አንድ ነው፦ ከመድረኩ የቀረበውን አስቀድሙ። ይህ ምክር የማይሠራበት አንድ ባንድ አለ፤ ስንደርስበት እናየዋለን።

ለጀማሪ ስተምፕ

ስተምፕ በ1983 ለንደን ውስጥ የተመሠረተ ስለሆነ "የአየርላንድ ባንድ ነው" ሲባል የሚከራከር አይጠፋም። ድምፃዊው ሚክ ሊንችና ድራመሩ ሮብ ማካሂ የአየርላንዷ ከተማ የኮርክ ልጆች ናቸው፤ ቤዝ ተጫዋቹ ኬቭ ሆፐርና ጊታሪስቱ ክሪስ ሳልመን ደግሞ እንግሊዛውያን። ከሊንች በፊት ኒክ ሆብስ የሚባል ድምፃዊ ነበራቸው፣ ብዙም አልቆየም። እኔ ከአየርላንድ የምቆጥራቸው በሊንች አፍ የተነሳ ነው። የኮርክ ሰው ሲናገር ድምፁ ይወጣል ይወርዳል፤ ተራ ወሬ ሲያወራ እንኳ የሚያዜም ይመስላል። ሊንችም ዜማ ፍለጋ አይደክምም፤ በዚያው አነጋገሩ ላይ ተንጠልጥሎ አንድ ሙሉ ዘፈን ይጨርሳል። ግንባሩ ላይ ቀጥ ብላ የቆመች ጸጉር ነበረችው፤ የድሮ ምስሉን ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስተውለው እሷን ነው።

ድምፁን በቅርበት እንየው። ሆፐር የሚጫወተው አንገቱ ላይ የብረት መከፋፈያ የሌለው ቤዝ ጊታር ነው። ስለዚህ ጣቱ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ዘሎ አይሄድም፤ እንደ ማሲንቆ እየተንሸራተተ ይደርሳል። በተለመደው ሮክ ቤዝ ከሥር ሆኖ ሌላውን ይደግፋል፤ እዚህ ግን ዘፈኑን የሚመራው እሱ ነው። የሳልመን ጊታር ኮርድ ይዞ አይቀመጥም፣ ቆንጠር ቆንጠር እያደረገ በክፍተቱ ይገባል። ማካሂ ምቱን አንድ ቦታ ላይ ያቋርጥና ሳታስቡት ሌላ ቦታ ያነሳዋል። በችክችካ ያደገ እግር መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስቴ ይስታል፤ ከዚያ ያገኘዋል፣ ካገኘው በኋላ ደግሞ መተው ይቸግራል።

መጀመሪያ መሰማት ያለበት ክዋርክ አውት ነው። በ1986 የወጣ፣ ስድስት ዘፈን ብቻ የያዘ፣ ሂዩ ጆንስ ፕሮዲውስ ያደረገው ሥራ ነው። ከእሱ ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት አራት ዘፈን ያለው ማድ ኦን ኤ ኮሎን ወጥቶ ነበር፤ ጥሩ ነው ግን ገና ጥሬ ነው፣ ለኋላ ይቆይ። ክዋርክ አውት ላይ አራቱ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው የሚጫወቱ ያህል ይሰማሉ፤ የተጨመረ ጌጥ የለም ማለት ይቻላል። ቡፋሎ የሚለው ዘፈን ያለው እዚህ ላይ ነው። በመንገድ ላይ ዋጋ እየጠየቀ የሚንከራተት አሜሪካዊ አገር ጎብኚን ያሾፍበታል፤ "ዓሣው ስንት ነው?" እያለ የሚመላለሰው ጥያቄ ጭንቅላት ውስጥ ከገባ አይወጣም። የእንግሊዙ ኤንኤምኢ የተባለው የሙዚቃ ጋዜጣ በ1986 ባወጣው ሲ86 በተሰኘው ባለ 22 ዘፈን ካሴት ላይም ተካቷል። ያ ካሴት ዛሬ የሚታወሰው ለስላሳ የጊታር ዘፈን በሚጫወቱ ዓይናፋር ልጆች ነው፤ ስተምፕ እዚያ መሃል በስህተት የገባ እንግዳ ይመስላል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ስኩተር የተባለው የጀርመን የዳንስ ቡድን ያንኑ የዓሣ ጥያቄ አንስቶ የራሱ ዘፈን ርዕስ አድርጎት አውሮፓን አስጨፈረበት። በ1998 "ሃው መች ኢዝ ዘ ፊሽ" እያለ የጨፈረው ሁሉ ጥያቄው ከየት እንደመጣ አያውቅም ነበር ብል አልተሳሳትኩም።

ገንዘቡ ከዚያ በኋላ መጣ። ኤንሳይን ከተባለው ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ፤ በርሊን፣ ከግንቡ አጠገብ ወዳለው ሃንሳ ስቱዲዮ ሄደው ከጀርመናዊው ሆልገር ሂለር ጋር ኤ ፊርስ ፓንኬክን ሠሩ፤ በ1988 ወጣ። ሂለር በወቅቱ አዲስ በነበረው፣ ማንኛውንም ድምፅ ቀድቶ መልሶ በሚያጫውተው የሳምፕለር መሣሪያ የተካነ ሰው ነበር፤ አልበሙም ላይ ያልተጠበቀ ድምፅ በየጥጉ ይፈነዳል። ቻርልተን ሄስተን የተሰኘውን ዘፈን ስሙት፦ ምቱን የሚይዘው የእንቁራሪት ጩኸት ነው። ዘፈኑ ስሙን የወሰደለት ተዋናይ በ1956ቱ ፊልም ሙሴን ሆኖ እንደተወነ ለሚያውቅ፣ ኦሪት ዘጸአትንም ላነበበ፣ እንቁራሪቶቹ ከየት እንደመጡ ማስረዳት አያስፈልግም። ብዙ መመሪያ ይህን አልበም "ዋናው ሥራቸው" ብሎ ያስቀድመዋል። እኔ አልስማማም። ሀብታም አልበም ነው፤ ሮል ዘ ቦዲስ ኦቨርና ቦጊ ሆም ደጋግመው የሚሰሙ ዘፈኖች ናቸው፤ ነገር ግን አራቱ ሰዎች እርስ በርስ ሲተራረቡ የነበረበት ክፍት ቦታ ተሞልቷል። ክዋርክ አውትን ያልሰማ ሰው እዚህ ላይ ምን እንደተጨመረ መለየት አይችልም፤ ዝም ብሎ የተጨናነቀ ነገር ይመስለዋል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ባንዱ ተበተነ። ሆፐር ብቻውን መሥራቱን ቀጠለ፤ ሊንች ወደ ኮርክ ተመልሶ ኖሮ በታኅሣሥ 2015 አረፈ።

ለደፋሩ ፋይቭ ጎ ዳውን ቱ ዘ ሲ

ስተምፕን ከወደዳችሁ ቀጣዩ ጉዞ ወደ ኋላ ነው፣ ወደ ኮርክ። ከተማዋ ከደብሊን ቀጥላ የአየርላንድ ሪፐብሊክ ሁለተኛ ናት፤ በሙዚቃው በኩል ግን ደብሊንን የምትከተል ከተማ አልነበረችም። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አርኬዲያ የሚባል የድሮ የጭፈራ አዳራሽ ነበር። ከ1977 እስከ 1981 ኤልቬራ በትለር "ዳውንታውን ካምፓስ" በሚል ስም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሙዚቃ ምሽት ታዘጋጅበት ነበር። ዩቱ ገና ስም ሳይኖረው እዚያ ደጋግሞ ተጫውቷል። በትለር ሪከስ የሚባል አሳታሚ አቋቁማ በ1981 ኮት አት ዘ ካምፓስ የተሰኘውን፣ አዳራሹ ውስጥ ከአንድ ዓመት በፊት የተቀዳ ሸክላ አወጣች። ሸክላው ላይ አራት የኮርክ ባንዶች አሉ፦ አንደኛው ሚክ ሊንች ከስተምፕ በፊት የዘፈነበት ሚን ፊቸርስ ነው፣ ሌላው በኋላ ስም ያገኘው ማይክሮዲዝኒ፣ ሦስተኛው ኧርባን ብሊትዝ፣ አራተኛው ነን አታክስ። ነን አታክስ ነው ሰዎቹን ቀያይሮ፣ ስሙንም ለውጦ ፋይቭ ጎ ዳውን ቱ ዘ ሲ የሆነው። አዲሱ ስም ከኢኒድ ብላይተን የልጆች መጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ጨምረውበታል፣ ሲጻፍም ምልክቱ አይቀርም።

የዚህ ባንድ ልብ ፊንባር ዶኔሊ ነው። ቤልፋስት ተወልዶ ኮርክ ያደገ፣ ግዙፍ ሰውነትና ከዚያ የገዘፈ ድምፅ የነበረው ሰው። ይጮኻል፣ ያጉረመርማል፣ ይስቃል፣ እንደገና ይጮኻል። ሪኪ ዲኒን በጊታሩ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ እስኪሰለቻችሁ ይደጋግማታል፤ ልክ ሲሰለቻችሁ ይሰብራታል። የመጀመሪያው ሥራቸው ኖት ኤ ፊሽ በ1983 ወጣ፤ ሴሎ አለበት፣ በዚያ ሁሉ ትርምስ መሃል ሴሎ! የአንዱን ዘፈን ርዕስ ወደ አማርኛ ሳመጣው "ሻንደን ላይ ያለ ዓሣ ኤልቪስ ነኝ ብሎ ይምላል" ይሆናል። እብደት ብቻ አይደለም። ኮርክ ውስጥ ሻንደን በሚባለው ሰፈር ያለው የቅድስት አን ቤተ ክርስቲያን ማማ ጫፉ ላይ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ ትልቅ የወርቅ ቅብ ዓሣ አለው። ከሥሩ ያለው ሰዓት በአራቱም ጎን የተለያየ ጊዜ ስለሚያሳይ የከተማው ሰው "ባለ አራት ፊቱ ውሸታም" ይለው ነበር። ሰዓቱ የሚዋሽበት ማማ ላይ ያለ ዓሣ ኤልቪስ ነኝ ቢል ማን ይፈርድበታል? የዶኔሊ ግጥሞች እንዲህ ናቸው፤ ቅዠት ይመስላሉ፣ ጠጋ ስትሉ ግን ሰፈር አላቸው።

ባንዱ ወደ ለንደን ሄደ። በ1984 ግሊ ክለብ፣ በ1985 ደግሞ በክሪኤሽን አሳታሚነት ሲንጊንግ ኢን ብሬል ወጡ። ክሪኤሽን በኋላ ኦኤሲስን ለዓለም ያስተዋወቀው የአለን ማክጊ ኩባንያ ነው፤ ያኔ ግን ገና ድንክዬ ነበር። ከዚያ ተበተኑ። ሦስት አጫጭር ሥራዎች፣ አንድም ሙሉ አልበም የለም። ዶኔሊ ቤትሆቨን የሚል ቃል ባለበት ስም ሌላ ባንድ ይዞ ተመለሰ፤ በ1989 ሥራው ወጥቶ የእንግሊዝ ጋዜጦች ማመስገን በጀመሩበት ሰሞን፣ በሰኔ፣ ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ባለው ሰርፐንታይን ሐይቅ ሰጥሞ ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር።

ታዲያ ለማን ነው? ትዕግሥት ላለውና መዝሙር መሰል አዝማች ለማይጠብቅ። ስተምፕና ይህ ባንድ ሁለቱም ከአሜሪካዊው የሙከራ ሮክ ሙዚቀኛ ካፕቴን ቢፍኸርት የተማሩ ይመስላሉ፤ ጋዜጠኞችም ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይወዱ ነበር። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ስተምፕ ቀልዱን ይነግራችኋል፤ ፊታችሁን አይቶ ሌላ ይጨምራል። ዶኔሊ ቀልዱን ለራሱ ነው የሚነግረው፣ እናንተ በበሩ ቀዳዳ ትሰማላችሁ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችሁ ከሆነና ግጥሙን በጆሮ መያዝ ካስደሰታችሁ ስተምፕ ይሻላል፤ የሊንች ቃል ከአንድ ሁለት ጊዜ በኋላ ይለያል። የዶኔሊን ቃል ለመያዝ የሚቸገረው ግን እንግሊዝ አገር የተወለደውም ነው፤ ስለዚህ አትጨነቁ፣ ድምፁን እንደ አንድ መሣሪያ ስሙት።

መጀመሪያ የሚሰማው ኖት ኤ ፊሽ ነው። ሲንጊንግ ኢን ብሬል በድምፅ ጥራት ይበልጠዋል፤ ቅንብሩም ሥርዓት ይዟል። ግን ሥርዓት ከዚህ ባንድ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። በ2020 ሃይዲንግ ፍሮም ዘ ላንድሎርድ የተባለ ስብስብ ወጥቷል፤ ከነን አታክስ ዘመን ጀምሮ ያልታተሙ ቅጂዎች ያሉበት በመሆኑ ታሪኩን በአንድ ቁጭታ ለሚፈልግ ይበቃል። ስብስቡን ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው በአንድ ጊዜ አትስሙት። እኔ በበኩሌ ከአራት አምስት ዘፈን በላይ አልችልም።

ለጨለማው ቨርጂን ፕሩንስ

ወደ ቦኖ እንመለስ። እሱ ባደገበት የሰሜን ደብሊን ሰፈር፣ ሴዳርውድ ሮድ፣ ጋቪን ፍራይዴይና ጉጊ የተባሉ ጓደኞች ነበሩት። እነዚህ ስሞች ቤተሰብ ያወጣቸው አይደሉም። ልጆቹ ሊፕተን ቪሌጅ የሚሉት የራሳቸው ማኅበር ቢጤ ነበራቸው፤ አንዱ ለሌላው ስም ያወጣ ነበር፣ "ቦኖ" የሚለውንም ያወጣለት ጉጊ ነው። ከዚሁ ማኅበር ሁለት ባንድ ወጣ። አንዱ ዩቱ ሆነ። ሌላው በ1977 የተነሳው ቨርጂን ፕሩንስ ነው። ዝምድናው ከጓደኝነትም ያልፋል፤ የፕሩንስ ጊታሪስት ዲክ ኤቫንስ የዩቱው ኤጅ ታላቅ ወንድም ነው፣ መጀመሪያም ከታናሹ ጋር በአንድ ባንድ ይጫወት ነበር።

ዩቱ ስታዲየም የሚሞላ ዜማ ሲፈልግ እነዚህ ቀሚስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ተቀብተው፣ ካቶሊክ ደብሊንን የሚያስበረግግ ትርኢት ያሳዩ ነበር። ሦስት ድምፃዊ ነበራቸው፦ ፍራይዴይ፣ ጉጊና ዴቭ-አይዲ። አንዱ ሲያዜም ሌላው ያለቅሳል፣ ሦስተኛው ከሁለቱ ጋር የማይገናኝ ነገር ይናገራል። በ1981 ኤ ኒው ፎርም ኦፍ ቢውቲ ብለው የጀመሩትን ሥራ በክፍል በክፍል አወጡት፤ አንዱ ክፍል ባለ 7 ኢንች ሸክላ፣ ሌላው ባለ 10፣ ሌላው ባለ 12፣ ሌላው ካሴት፣ አንዱ ክፍል ደግሞ ጭራሽ ሸክላም ካሴትም ሳይሆን ትሪኒቲ ኮሌጅ ባለው ዳግላስ ሃይድ ጋለሪ ውስጥ የቀረበ ትርኢት ነበር።

ምክሬ የማይሠራው እዚህ ነው። ከመድረኩ የቀረበውን አስቀድሙ ብያለሁ፤ የዚህ ባንድ መድረክ ግን የሚታይ እንጂ የሚሰማ አልነበረም። ኤ ኒው ፎርም ኦፍ ቢውቲን በጆሮ ብቻ ሲሰሙት ትርኢቱ ያለቀበት አዳራሽ ውስጥ ዘግይቶ እንደመግባት ነው፤ ጩኸቱ አለ፣ ምክንያቱ የለም። ስለዚህ ከስቱዲዮው ጀምሩ። በ1982 የወጣው ኢፍ አይ ዳይ፣ አይ ዳይ የዋየር ባንዱ ኮሊን ኒውማን ፕሮዲውስ ያደረገው ነው። ኒውማን ከመጠን ያለፈውን ቆርጦ የመጣል ችሎታ ያለው ሰው ነው፤ ፕሩንስን የሚያህል ባንድ ደግሞ መቀስ የያዘ ሰው ያስፈልገው ነበር። ቤቢ ተርንስ ብሉ ጭፈራ ቤት ሊከፈት የሚችል፣ በቤዝ የሚገፋ ጥቁር ዘፈን ነው። ስዊትሆም አንደር ዋይት ክላውድስ ደግሞ ዝግ ብሎ፣ እየተጎተተ፣ ከሩቅ የሚመጣ ለቅሶ ይመስላል። የሙሾን ዜማ የሚያውቅ ሰው ይህን ዘፈን ከሮክ አድማጩ ቀድሞ ይረዳዋል ብዬ አስባለሁ።

በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ የታተመው ኤሬዚ ሁለት ባለ 10 ኢንች ሸክላ በሳጥን የያዘ፣ ስለ እብደት የተሠራ ሥራ ነው። አንዱ ሸክላ የስቱዲዮ ነው፣ ሌላው ፓሪስ ውስጥ መድረክ ላይ የተቀዳ። ሰብሳቢዎች ይሳሱለታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሩንስን ለሚሰማ ሰው ግን ከዚህ የከፋ ምርጫ አላውቅም። በ1984 ጉጊና ዲክ ኤቫንስ ወጡ። በ1986 የሶፍት ሴሉ ዴቭ ቦል ፕሮዲውስ ያደረገው ዘ ሙን ሉክድ ዳውን ኤንድ ላፍድ ወጣ፤ ለስለስ ያለ፣ ወደ ካባሬ የሚያደላ አልበም ነው፣ ፍራይዴይ በኋላ ብቻውን ለሠራው መንገድ የከፈተ። ያለ ጉጊ ግን ሌላ ባንድ ነው። ፍራይዴይም በዚያው ዓመት ተሰናበተ፤ ጉጊ ሠዓሊ ሆነ።

ዘጠኝ ዓመት አጭር ነው ወይ የሚል ካለ፣ ሙሉው ቡድን አብሮ ሸክላ ያሳተመው ከ1981 እስከ 1984 ብቻ ነው፤ እኔ የምቆጥረው ያንን ነው።

ሦስቱም ባይሆኑስ?

ዜማ ያለው ነገር ለሚሻ ማይክሮዲዝኒ አለ፤ የኮርኩን ሸክላ ስንጠቅስ ስሙ ያለፈው ባንድ። ካሃል ኮክላንና ሾን ኦሃገን በ1980 ጀምረውት በ1988 ተበተነ። ሙከራው ድምፁ ላይ ሳይሆን በዜማውና በግጥሙ መካከል ባለው ግጭት ላይ ነው፤ ከታች የሚያባብል የፖፕ ቅንብር፣ ከላይ ደግሞ ንዴቱን ያልዋጠ ሰው። ከ1985ቱ ዘ ክሎክ ከምስ ዳውን ዘ ስቴርስ ጀምሩ። በ2018 ለጥቂት መድረክ ተመልሰው ነበር፤ ኮክላን በ2022 አረፈ።

የ90ዎቹን የጊታር ግድግዳ ለሚወድ ደግሞ ከደብሊን ሮለርስኬት ስኪኒ ይሁን። ከመሥራቾቹ አንዱ ጂሚ ሺልድስ የማይ ብለዲ ቫለንታይኑ የኬቨን ሺልድስ ወንድም ነው። ሁለት አልበም ብቻ አላቸው፦ የ1993ቱ ሾልደር ቮይስስና ጂሚ ከወጣ በኋላ በ1996 ዋርነር ብራዘርስ ያሳተመው ሆርስድሮውን ዊሽስ። ሁለተኛውን አስቀድሙ። ትልቅ ኩባንያ ያሳተመው ከትንሹ የሚበልጥበት አጋጣሚ ነው፤ ኩባንያው ከገንዘቡ በቀር እጁን ያስገባ አይመስልም። ስዊንግቦት ያውኒንግ ላይ በአንድ ጊዜ ሦስት ዘፈን የተከፈተ የሚመስልበት ቦታ አለ፤ የድምፅ ማጉያው የተበላሸ እንዳይመስላችሁ።

እንዴት ይሰማ፣ ምን ይገዛ

በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ውስጥ በስልክ ለሚሰማ ሰው ስተምፕ ይሻላል፤ ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው፣ ቤዙም ርካሽ የጆሮ ማዳመጫ ላይ እንኳ አይጠፋም። ፕሩንስ በዚያ መንገድ አይሰማም፤ ዝግ ያሉት ክፍሎች በሞተር ድምፅ ይዋጣሉ፣ ሌሊት ቤት ውስጥ ይሁን። ሰዎች ባሉበት ከፍ አድርጋችሁ መክፈት ካማራችሁ ቡፋሎን ክፈቱ፤ ዶኔሊን ግን እንግዳ ባለበት ቤት አልመክርም፣ ቡና ተፈልቶ እያለ ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ ሊመጣ ይችላል።

ግዢን በተመለከተ፣ የስተምፕ ሥራ በ2008 ዘ ኮምፕሊት አንቶሎጂ ተብሎ በሲዲ ተሰብስቧል፤ አንድ ነገር ብቻ ለሚገዛ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። የፕሩንሱ ኢፍ አይ ዳይ፣ አይ ዳይ በ2022 አርባኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ እንደገና ታትሟል፤ የድሮውን ሸክላ ለማግኘት ብዙ ብር ማፍሰስ አያስፈልግም። ለንደን ወይም ደብሊን ያላችሁ ያገለገለ ሸክላ ከሚሸጡ ሱቆች ኤሬዚን ካገኛችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሳጥኑን አስከፍቱ፤ ሁለቱም ሸክላና ከውስጡ የነበሩት ወረቀቶች መኖራቸውን እዩ፤ አንዱ ከጎደለ ዋጋው መውረድ አለበት። የፋይቭ ጎ ዳውን ቱ ዘ ሲን የመጀመሪያ ኅትመቶች ፍለጋ ግን አትድከሙ፣ የ2020ው ስብስብ ይበቃችኋል።